ከፊት ነርቭ ጋር የተጣበቀ ዕጢ፦ ሙልጭ ብሎ ይውጣ ወይስ ቅሪት ይተው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ነው፤ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ።

በግራ ጆሮዋ መስማት እያቃታት ከመጣ ቆይቷል። መጀመሪያ ያሳወቃት ስልክ ነው። ስልኩን በግራ ስትይዘው ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይላትም። ወደ ቀኝ ስታዞረው ጥርት ይላል። ቀጥሎ ጆሮዋ ጭው ማለት ጀመረ። በጨለማ ስትሄድ መንገዳገድም መጣ። የጆሮ ቆሻሻ ነው ተብሎ ታጠበላት፤ ለውጥ የለም። በኋላ አንዲት የጆሮ ሐኪም የሁለቱን ጆሮዎች የመስማት ምርመራ ጎን ለጎን አየችና ልዩነቱ አላማራትም። ኤምአርአይ በኮንትራስት (ምስሉን በሚያጎላ መድኃኒት) አዘዘች። ውጤቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ነው፤ ብዙ ሰው አኮስቲክ ኒውሮማ የሚለው። ከሚዛን ነርቭ ሽፋን የሚነሳ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ። ያለበት ቦታ ግን ጠባብ ነው፣ የአንጎልን ግንድ መግፋት ጀምሯል።

ሁለት ቀዶ ሐኪሞች አማከርን። ሁለቱም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ይላሉ። የተለያዩት አንድ ነገር ላይ ነው። አንደኛው ሙልጭ አድርጌ አወጣዋለሁ ይላል። ሌላኛዋ የፊትን ጡንቻ ከሚያንቀሳቅሰው ነርቭ፣ ማለትም ከፊት ነርቭ ጋር ተጣብቆ ካገኘሁት ስስ ሽፋን እተዋለሁ፣ ከዚያ በኤምአርአይ እንከታተላለን ትላለች።

እኔ ወደ ሁለተኛዋ አጋድላለሁ። ምክንያቴም ግልጽ ነው። ይህ ዕጢ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ኤምአርአዩ ላይ ምንም እንዳይታይ ተብሎ የሰው ፊት ዋጋ ይክፈል ማለት አይዋጥልኝም። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ቆማ ትናገራለች። ውሳኔው የእሷ ነው። የእኛ ድርሻ በደንብ ጠይቃ እንድትወስን ማገዝ ነው። በዚህ ያለፋችሁ፣ በሙያው ያላችሁ፣ ምን ትላላችሁ?

ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች ምላሾቹን በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል እያደረግኩ ነው።

ምላሽ 1 ከአንዲት የቀድሞ ታካሚ ነው። በአንቱታ ነው የጻፈችልኝ። የእሷ ዕጢ ከዓመታት በፊት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ፊቷም ደህና ነው። በአንድ ጆሮዋ አትሰማም፤ ለምዳዋለች። ስለ ዘዴው ከመጨነቅ ይልቅ ሐኪሙ ይህን ቀዶ ጥገና ምን ያህል አዘውትሮ እንደሚሠራ መጠየቅ ይቀድማል ባይ ናት። አልፎ አልፎ ከሚሠራ ሰው ጋር ገብቶ መፀፀት አለ፣ ጊዜ ወስዶ የለመደ ቡድን መፈለግ ግን አያስቆጭም ትላለች። ይህ ሐሳብ በኋላ ብዙዎች ደግመው አነሱት፤ ቀድማ ያለችው ግን እሷ ናት።

ምላሽ 2 ለምን አትጠብቁም የሚል ነው። ጸሐፊው ራሱ ትንሽ ዕጢ ይዞ በየዓመቱ ኤምአርአይ እየተነሳ ይኖራል። ብዙዎቹ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሚያድጉ፣ ጭራሽ የማያድጉም እንዳሉ ያስረዳል። ለእሱ ዓይነት ዕጢ ልክ ነው።

ምላሽ 3 ጨረሩን አመጣ። ጨረርን ዕጢው ላይ የሚያነጣጥረውን ጋማ ናይፍ የተባለ መሣሪያ የፈለሰፈው ስዊድናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል እንደሆነ፣ ለዚህ ዕጢ መጀመሪያ የዋለውም እ.ኤ.አ. በ1969 እንደሆነ ጠቅሶ፣ ጭንቅላት ሳይከፈት መገላገል እያለ ቢላዋ ለምን ይመረጣል ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቤተሰባችንም ይህንኑ ጠይቆ ነበር።

ምላሽ 4 ሁለቱንም አረመቻቸው። በነርቭ ቀዶ ጥገና ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፣ አጻጻፏም ቁጥብ ነው። መጠበቅም ሆነ ጨረር ለትንሽና ለመካከለኛ ዕጢ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ የአንጎልን ግንድ የሚገፋ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ጨረር ዕጢውን አያወጣውም፤ እድገቱን ያቆመዋል እንጂ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ዕጢው ለጊዜው ሊያብጥ ይችላል። ቦታ በሌለበት እብጠት ችግር ነው። በኖርዌይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ጥናትም አነሳች። 100 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው ጨረር ወሰዱ፣ ግማሾቹ እየታዩ ቆዩ። ከ4 ዓመት በኋላ ጨረር የወሰዱት ዕጢ አንሶ ተገኘ፤ በመስማት በኩል ግን የጎላ ልዩነት አልታየም። ተሳታፊዎቹ ትንንሽ ዕጢ የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ጥናቱን ወስዶ እህቴ ላይ መለጠፍ አይቻልም አለች። ምላሽ 2 ወዲያው አመሰገናት። ምላሽ 3 ዝም አለ።

ምላሽ 5 ላይ አንቱታው ቀረ። ጸሐፊው ተቆጥቷል። ቅሪት የሚተው ሐኪም ሥራውን ያልጨረሰ ሐኪም ነው ይላል። የአጎቱ ዕጢ በከፊል ወጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ አድጎ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተከፈተ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። እኔንም የእህትህን ፊት እያሰብክ ሕይወቷን ረሳህ ሲል ወረደብኝ። ቃሉ ከበደኝ። ቢሆንም ከአጎቱ ጉዳት የመጣ ቁጣ እንደሆነ ይታያል።

ምላሽ 6 ከሁሉም ረጅሙ ነው። ለብዙ ዓመታት በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነርቭ በመከታተል የሠራ ሰው ነው። ያየውን ቁጭ አድርጎታል፣ እኔም ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነው።

የፊት ነርቭ በጤናው ጊዜ ክብ ክር ነው ይላል። ትልቅ ዕጢ ሲገፋው ግን ይለጠጥና ተዘርግቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢው ፊት ለፊት፣ ማለትም ሐኪሙ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አይታይም። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን በአንድ ጊዜ መዝዞ አያወጣም። መጀመሪያ የላዩን ሽፋን በኤሌክትሪክ መነካኪያ ይፈትሻል፤ ነርቩ እዚያ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ሽፋኑን ከፍቶ በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መምጠጫ ውስጡን ያጎድላል። ውስጡ ሲጎድል ሽፋኑ ይሟሽሻል። ያኔ በማይክሮስኮፕ እያየ ጥቂት በጥቂት ይልጠዋል። መነካኪያው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊአምፔር በጣም ያነሰ ነው። በታካሚዋ ፊት ጡንቻ ላይ የተሰኩ ቀጫጭን መርፌዎች እንቅስቃሴውን ወደ ድምፅ ማጉያ ይልካሉ። ነርቩ ሲነካ ክፍሉ ውስጥ ጠቅ ጠቅ ይሰማል። ሲጎተት ደግሞ ድምፁ ይንጫጫል፣ ሐኪሙም እጁን ያቆማል። በዚያ ሰዓት ሰመመን ሰጪው ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት አይሰጥም፤ ከሰጠ ፊት መልስ መስጠት ያቆማል፣ ክትትሉም ከንቱ ይሆናል።

ከባዱ ቦታ ነርቩ ወደ አጥንቱ ቀዳዳ የሚገባበት ጠርዝ ነው ይላል። እዚያ ዕጢውና ነርቩ ድንበራቸው ይጠፋል። ሰዓታት ተሠርቶ፣ አብዛኛው ዕጢ ወጥቶ፣ ይህች ጠርዝ ትቀራለች። ሐኪሙ የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን ልላጥ ቢል ነርቩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እሱ የሚያከብራቸው ሐኪሞች እዚያ ቦታ ላይ ማቆም የሚያውቁት ናቸው።

ምላሽ 7 ያው የ5 ጸሐፊ ነው። 6ን አልተቀበለም። ይህ ሁሉ ማብራሪያ ቅሪቱ ሲያድግ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ አይሆንም አለ። የሚያውቅ እጅ ነርቩንም ያድናል፣ ዕጢውንም ይጨርሳል ሲል ጨመረ።

ምላሽ 8 ነርሷ ተመልሳ መጣች። የቅሪቱ መጠን ወሳኝ ነው አለች። ነርቩ ላይ የቀረ ስስ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ሳያድግ ይቆያል። ትልቅ ቁራጭ ከቀረ ግን የማደግ ዕድሉ ከፍ ይላል። ካደገም በጨረር ሊያዝ ይችላል፤ ምክንያቱም አሁን ትንሽ ነው፣ ግንዱንም አይገፋም። በአንዳንድ ቦታ ሐኪሞች ይህን ከመጀመሪያው አቅደው ይገባሉ፤ ቢላዋው ግፊቱን ያነሳል፣ የቀረውን ጨረሩ ይይዛል። 7 ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጎ ማየቱን በትሕትና ነገረችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሽፋን መተውና ግማሽ ዕጢ መተው አንድ አይደሉም።

ምላሽ 9 ታሪክ ወዳድ ሰው ነው፤ ክሩን ወደ ኋላ ወሰደው። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህ ቀዶ ጥገና ብዙ ሰው ይገድል በነበረበት ጊዜ፣ የዕጢውን ውስጥ ብቻ አጉድሎ ሽፋኑን በመተው ሞትን እንደቀነሰ ያስረዳል። ከእሱ በኋላ ዋልተር ዳንዲ ሁሉም ካልወጣ ይመለሳል ብሎ ሙሉ ማውጣትን ያዘ፤ የፊት ነርቭ ግን አብሮ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጆሮ ሐኪሙ ዊልያም ሃውስ ማይክሮስኮፕና የአጥንት መሰርሰሪያ ይዞ በውስጠኛው ጆሮ በኩል ገባ።  ከዚያ ወዲህ የፊት ነርቭን ማዳን ግብ ሆነ። 5 እና 6 የሚከራከሩበት ነገር መቶ ዓመት ያለፈው ክርክር እንደሆነ ጠቁሞ ወጣ። ይህን ሳነብ የሁለቱ ሐኪሞቻችን ልዩነት የግል ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ምላሽ 10 ከርዕስ ወጣ። ተዋናዩ ማርክ ሩፋሎ ይህ ዕጢ ወጥቶለት እንደነበር፣ የግራ ጆሮው መስማት እንዳቆመና ፊቱ ለጊዜው ሽባ ሆኖ በኋላ እንዳገገመ ራሱ በአደባባይ እንደተናገረ አስታወሰ። ምላሽ 11 በየትኛው ፊልም ላይ ምልክቱ ይታያል ብሎ ጀመረ። አወያዩ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቀ። እህቴ ግን ይህን አንብባ ደስ ብሏታል። ስክሪን ላይ ስታየው የኖረችው ሰው በአንድ ጆሮው እንደማይሰማ ጠርጥራ አታውቅም።

ምላሽ 12 ጥያቄ ነው፣ ትንሽም ክስ አለበት። ሁለተኛዋ ሐኪም ወደ ዕጢው ለመድረስ የመረጠችው፣ በውስጠኛው ጆሮ በኩል የሚገባው መንገድ ቀሪውን የመስማት አቅም ሙሉ በሙሉ እንደሚያጠፋ አንብቦ፣ ይህን ነግራችኋለች ወይ አለኝ። አዎ፣ ነግራናለች።

ምላሽ 13 መንገዶቹን ዘረዘረ። ጸሐፊዋ የጆሮና የራስ ቅል ግርጌ ቀዶ ጥገና የምትሠለጥን ሐኪም ናት። ትራንስላቢሪንታይን የሚባለው ከጆሮ ኋላ ያለውን አጥንትና የሚዛን ቦዮችን ሰርስሮ ይገባል። ጆሮው ከዚያ በኋላ አይሰማም። በምትኩ አንጎልን ብዙ መግፋት አያስፈልግም፤ የፊት ነርቭም ገና ከአጥንቱ ውስጥ፣ ዕጢው ካላበላሸው ቦታ ይገኛል። ሬትሮሲግሞይድ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ይከፍታል። መስማትን ለማዳን መሞከር ይቻላል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚቆይ ራስ ምታት ግን በዚህኛው በኩል ይበዛል። ሚድል ፎሳ ከጆሮ በላይ ይገባል። እሱ ለትንንሽ፣ መስማት ገና ላለበት ሰው ነው።

ከዚያ 12ን በቀጥታ መለሰችለት። ወደ 3 ሴንቲ ሜትር በደረሰ ዕጢ የሚጠቅም መስማት አትርፎ መውጣት ከስንት አንዱ ነው። ነርቩ ሳይቆረጥ እንኳ ለውስጠኛው ጆሮ ደም የምታደርሰው ቀጭን የደም ሥር ከተጎዳች መስማት ይጠፋል። ደግሞም ድምፅ መስማትና ቃል መለየት ይለያያሉ። እህቴ በግራ ጆሮዋ ከሚነበቡላት ቃላት የምትለየው በጣም ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ለእሷ የሚጠፋው አሁንም ብዙ የማይጠቅማት ነገር ነው። ይህ ከተነገረን በኋላ በመስማት ጉዳይ ሰላም አገኘን። በአንድ ጆሮ ለሚቀር ሰው ድምፁን ወደ ጤነኛው ጆሮ የሚያሻግር መሣሪያ እንዳለም አክላለች።

ምላሽ 14 የዓይን ሐኪም ናቸው። ሰው ሁሉ ስለ ፈገግታ ሲያወራ ስለ ዓይን ማንም አላነሳም ብለው ተቆጡ። ልክ ናቸው። የምለምናችሁ፣ ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባታነቡ ይህን አንብቡ።

ዓይንን የሚከድነው የፊት ነርቭ ነው። እንባ የሚያመነጨው ክር አብሮት ይሄዳል። የዓይን ብሌን ላይ ህመም የሚሰማው ደግሞ በሌላ ነርቭ ነው፤ ትልቅ ዕጢ እሱንም ሊነካው ይችላል። ሦስቱ ከተደረቡ ዓይኑ አይከደንም፣ ይደርቃል፣ ሲቆስልም አያምም። ታካሚዋ ደህና ነኝ እያለች ብሌኗ ሊቆስል፣ ሊጠባሳና እይታዋ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ፊት ከደከመ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይጠበቃል። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ ቶሎ ቶሎ፣ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል (ፕሪዘርቫቲቭ) ባይኖረው ይመረጣል። ማታ ወፍራም ቅባት። ከዚያ ሽፋሽፍቱን በጣት ከድኖ ከላይ ወደ ታች በፕላስተር ማሸግ። ጥጥ ወይም ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ብቻውን ዓይን ላይ ማድረግ አደጋ ነው አሉ፤ ዓይኑ ከሥሩ ሲከፈት ጋዙ ብሌኑን ይፍቃል። ማገገሙ ከረዘመ በላይኛው ሽፋሽፍት ውስጥ 1 ግራም ገደማ የሚመዝን የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም ክብደት ይገባል። ሰውየው ዓይኑን ልክደን ሲል ክብደቱ ያወርደዋል። ነርቩ ሲያገግም ይወጣል። መቅላት፣ ብዥታ ወይም ነጭ ነጥብ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም።

እህቴ ቀዶ ጥገናው ሳይደርስ የፕላስተሩን አደራረግ በመስታወት ፊት ተለማመደች። በመጀመሪያ የቅንድቧን ፀጉር ነቀለባት። በኋላ በቀጭኑ ቆርጣ፣ ሽፋሽፍቱን በሌላው እጇ ጀርባ እየያዘች፣ ጉንጯ ድረስ ወርዶ እንዲይዝ ስታደርገው ተሳካ።

ምላሽ 15 የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ፊት ሲደክም ሰዎች በኃይል ማሠራት ይጀምራሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያም ይገዛሉ። ሁለቱንም አትቸኩሉባቸው ይላል። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሲመለስ መንገድ ሊሳሳት ይችላል፤ ያኔ አፍ ሲስቅ ዓይን ይጨፈናል። ግዳጅ ይህንን ያባብሰዋል ባይ ነው። በመስታወት ፊት ትንሽ፣ ቀስ ያለ፣ ሁለቱንም ጎን ያመጣጠነ እንቅስቃሴ ይሻላል። ሌላም ጠቃሚ ነገር ነገረን። አንዳንድ ሰው ከሰመመን ሲነቃ ፊቱ ደህና ሆኖ ከቀናት በኋላ ይደክማል። ሐኪሙ የሠራው ሥራ ተበላሸ ብሎ መሸበር አያስፈልግም፤ እንዲህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይመለሳል። ነርቩ ሳይቆረጥ ቀርቶም ዓመት ገደማ ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ ከምላስ ወይም ከማኘኪያ ጡንቻ ነርቭ ወስዶ ማገናኘት አለ። ያ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ጡንቻው ከሟሸሸ በኋላ አይሠራም።

ምላሽ 16 ዕጢ የሚያቀልጥ ዱቄት እሸጣለሁ የሚል ነበር። አወያዩ አጠፋው። ደግ አደረገ።

ምላሽ 17 ስለ ሚዛን ነው። ጸሐፊው ሲነቃ ጣሪያው ሲሽከረከር፣ ሲያስመልሰው እንደነበር ይናገራል። ያዳነው መነሳት ነው። የቀረው ጆሮና ዓይን፣ እግርም ጭምር፣ አንጎልን እንደገና የሚያስተምሩት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። አልጋ ላይ መቅረትም ሆነ የማዞር ማስታገሻን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ማገገሙን ያዘገያል። ሲሄድ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ ይለማመድ ነበር። በጨለማና ባልተስተካከለ መሬት ላይ ግን ዛሬም ይጠነቀቃል። 13 አንድ ነገር ጨመረችለት። ዕጢው ቀስ ብሎ ነርቩን አስቀድሞ ያዳከመበት ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚያዞረው ባነሰ መጠን ነው፤ አንጎሉ ቀድሞ ለምዶታል።

ምላሽ 18 አጭር ነው፣ ግን ነፍስ ያድናል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ጎንበስ ሲሉ ከአፍንጫ ንጹህ ውሃ ከተንጠባጠበ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ በጆሮ አጥንት ውስጥ ባሉ የአየር ክፍተቶች በኩል ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ጉሮሮ ላይ ጨው ጨው ይላል። በዚያ መንገድ ማጅራት ገትር ሊገባ ይችላል። በትራንስላቢሪንታይን መንገድ ቀዳዳውን ለመድፈን ከሆድ ስብ ተወስዶ የሚጠቀጠቀው ለዚህ ነው። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ምላሽ 19 ሁላችንንም ያስቆመ ነው። ወጣት ልጅ ነው፤ በሁለቱም ጆሮ በኩል ዕጢ አለው። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 2 ይባላል፣ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ካለ የጂን ችግር የሚመጣ። ለእሱ በአንዱ ጆሮ እሰማለሁ የሚል መጽናኛ የለም። እያንዳንዱን ውሳኔ ሁለቱንም ጆሮ አስቦ ነው የሚወስነው። ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ በእሱ ላይ ዕጢውን ገታ አድርጎታል። ሁለቱም ቢጠፉ በአንጎል ግንድ ላይ የሚቀመጥ የመስሚያ መሣሪያ እንዳለ ያውቃል፤ የሚሰጠው ግን ከሙሉ መስማት በጣም ያነሰ እንደሆነም ያውቃል። የምልክት ቋንቋ ከአሁኑ እየተማረ ነው። ክርክሩ በዚህ ልክ ሲሞቅ በማየቱ አዝኗል። ከእሱ በኋላ ማንም ለተወሰነ ጊዜ አልጻፈም።

ምላሽ 20 የ5 ጸሐፊ ነው፣ ረጋ ብሏል። 8 እንዳለችው የአጎቱ ቅሪት ትልቅ ቁራጭ ነበር። ከዚያም የከፋው፣ ቅሪት እንዳለ ማንም ለቤተሰቡ አልነገረም፣ ክትትልም አልተያዘም። አቋሙን አልቀየረም፤ ከተቻለ ሁሉም መውጣት አለበት ይላል። የሚተው ሐኪም ግን የት፣ ምን ያህል፣ ለምን እንደተወ በጽሑፍ ይስጥ አለ። በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የጎዳቸው ቅሪቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ዝምታው ነው።

ምላሽ 21 ከሌላ ነርቭ መጣ። የጸሐፊዋ ሽዋኖማ ዝቅ ብሎ፣ ደም ከራስ ቅል በሚወርድበት ቀዳዳ አጠገብ ነው፤ የመዋጥና የድምፅ ነርቮች በዚያ ያልፋሉ። ለእሷ ጥያቄው ፊት አይደለም። ውሃ ስትጠጣ ወደ ሳንባዋ ይሄድባት ይሆን፣ ድምፅዋስ ይቀር ይሆን ነው። ሐኪሟ እዚያም ነርቩ ላይ ስስ ሽፋን ትቷል። ዛሬ ትውጣለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ይላል። ቦታው ቢለያይም ጥያቄው አንድ መሆኑን በደንብ አሳየችን።

ምላሽ 22 ታዲያ ምን ወሰናችሁ የሚል ነው። እህቴ ሁለቱንም ሐኪሞች ተመልሳ አነጋግራለች። ለሁለቱም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነው። የፊት እንቅስቃሴ ሃውስ-ብራክማን በሚባል መለኪያ ከ1 እስከ 6 ይመደባል፤ 1 ጤነኛ ነው፣ 6 ሙሉ ሽባ። የእኔን በሚያህል ዕጢ ከሠራሃቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ 1 ወይም 2 ላይ ያሉት ስንት ናቸው ብላ ጠየቀች። አንደኛው ስለ ሙሉ ማውጣት ደግሞ አስረዳት፣ ቁጥር ግን አልሰጣትም። ሁለተኛዋ የራሷን መዝገብ ከፍታ፣ ደህና የሆኑትንም ያልሆኑትንም አሳየቻት። እህቴ እሷን መረጠች። የ20ን ሐሳብ ወስዳም ቅሪት ከኖረ በቀዶ ጥገናው ሪፖርት ላይ ቦታውና መጠኑ እንዲጻፍ፣ የሚቀጥለው ኤምአርአይ ቀን ከሆስፒታል ሳትወጣ እንዲያዝላት ጠይቃለች፤ ሐኪሟም እሺ ብላለች።